ላፕቶፕ የቀየርኩበት በጋ

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ዛሬም ቆመ። ጥለቱን ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ድርቅ ብሎ ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሰደብኩት፣ አማተብኩበት። ወይ ፍንክች! ክዳኑ ከላላ ሰንብቷል፤ ከኋላው የስኳር ጣሳ ካላስደገፍኩት ተንጋሎ ይወድቃል። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎት ደግሞ ስክሪኑ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ነጩ ነጭ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጋዜጣ ነው የሚመስለው።

የኩባንያውን ስም እዚህ አልጽፍም። አንድ ቀን ሰው አግኝቶ ቢያነበው እከሰሳለሁ።

ደግሞ ያሳዝነኛል፣ ብዙ አብረን ሠርተናል። ሽሮ ሜዳ ላይ ጥለት በኮምፒውተር መንደፍ የጀመርኩ ጊዜ የገበያው ሴቶች ሁሉ ሳቁብኝ። «የሺሀረግ ልብስ በቴሌቪዥን ልታሸምን ነው» አሉ። አሁን እነሱው ናቸው ደንበኛ ሲያስቸግራቸው ወደ እኔ ሱቅ የሚልኩት። ደንበኛው የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ ወይ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። እኔ ጥለቱን በትናንሽ ሳጥኖች እሥላለሁ፣ ቀለም እሞላለሁ፣ ክሩን መርጬ እገዛለሁ፤ ዳኜ ደግሞ ይሸምነዋል። ሳጥን መሙላት ማንም ይችላል፤ ቀለሙ ነው የኔ። «የሺ ቀለም አትስትም» ይባላል። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ገበያው ነው ያለው። ሌላ የተማርኩት ሙያ የለኝም፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄንም ራሴንም ያኖርኩት በዚህ ነው።

ስለዚህ የስክሪን ቢጫ መሆን ለኔ ቀልድ አይደለም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዊንጌት ሸፊ ጋ ወሰድኩት። ሸፊ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለው። ጨዋና ጎበዝ ነው፤ ጥፋቱ አንድ ነው፣ «ማዘር» ይለኛል።

«ማዘር፣ ማጠፊያው ተሰብሯል። ባትሪውም አልቆለታል። ውስጡ አቧራ ስለሞላ ይግላል፣ ለዛ ነው የሚቆምብዎት።»

«ስክሪኑስ?»

«ስክሪኑ ምንም የለውም።»

«ቢጫ ሆኗል እኮ ነው የምልህ!»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «እሺ፣ ትንሽ አስተካክለዋለሁ» አለ። ደንበኛ እንዳይከፋው የሚባል «እሺ» እንደሆነ ገባኝ። እኔም ሱቄ ውስጥ በቀን ስንቴ እለዋለሁ።

ይሄ የምጽፍበት እስክሪብቶም የማይረባ ነው። ሰማያዊ ነኝ ይላል እንጂ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ዘንድሮ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ውሃ ውሃ ሆኗል። ነገ ጥቁር እገዛለሁ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ብርሃኔ ሱቅ መጣች! ልጇ ቤዛብሕ ጥር 18 ልትዳር ነው።

ብርሃኔ የሰፈሬ ሰው ናት፣ ቤታችን አንድ መንገድ ላይ ነው። ትልቁ ልጇ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ከጥቁር ልብስ ወጥታ አታውቅም ነበር። ያወለቀችው ዓምና ነው፤ ያውም የንስሐ አባቷ ስንቴ ለምነዋት። ዛሬ ሱቄ ገብታ ክሩን አንድ በአንድ እያነሳች ቀለም ስትመርጥ ሳያት እንባዬ መጣ። ፊቴን አዙሬ የሌለ ነገር ፈለግሁ።

«የቤዛን ሌላ ቦታ አዘዋል፣ ጓደኞቿ ናቸው ያዘዙላት። የኔን ግን ካንቺ በቀር ማንም አይነካውም።»

«ምን ዓይነት አሰብሽ?»

«ቀይ አይሆነኝም፣ ገና ነኝ። አረንጓዴም አልወድም። ኔቪ ሰማያዊ አድርጊልኝ፣ መሀሉ ላይ ጭል ጭል የሚል ወርቃማ ይግባበት። ደስታ ላይ መሆኔ ይታወቅ፣ ግን አይጩህ።»

እንዲህ አድርጎ ቀለም የሚያዝ ሰው ስንት ዓመት አልገጠመኝም። ቀሚስና ነጠላ፣ ሁለቱም በአንድ ጥለት። ስትወጣ እጄን ያዝ አድርጋ «አደራሽን የሺ» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን እቆጣ ነበር። የሷን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ሞተ። ጨርሶ አይበራም። የብርሃኔ ጥለት ግማሹ ውስጡ ነው። ሸፊ ስልክ አያነሳም፤ ለካ ጁምዓ ነው። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ተመስገን፣ ሸፊ ፋይሎቹን አወጣልኝ። «ማዘር፣ ይሄን ማስታመም ይብቃዎት» አለኝ። እሱ መለዋወጫ አስገብቶ ይሠራዋል እንጂ ለኔ ከእንግዲህ አያገለግለኝም። ትቼለት መጣሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ላፕቶፕ ልገዛ ነው ብዬ አፌን ከፈትኩና ገበያው ሁሉ ሊቅ ሆነ። አንዷ ይሄኛው ብራንድ ጠንካራ ነው ትላለች፣ ሌላዋ እሱማ በወሩ ነው የተበላሸብኝ ትላለች፣ ሦስተኛዋ ላፕቶፕ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ የማታውቀዋ ደግሞ አምርራ ትከራከራለች። ስለ ቤተ ክርስቲያን አጥር ቢሆን እንኳ እንዲህ አይጨቃጨቁም።

ልጄ ሄርሜላ «እማ፣ እጅሽ የለመደውን ያንኑ ብራንድ ግዢ» አለችኝ። እሷ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ሁሉ ነገር በእርጋታ ይሁን ባይ ናት።

«ያንን ስም ዳግመኛ ቤቴ አላስገባም!»

«ብራንዱ ምን አደረገሽ?»

«ዓይኔን ነው ያጠፋው፣ ቢጫ በቢጫ አድርጎ!»

ተነስታ ጓዳ ገባች። እዚያ ሆና በስልክ ለሆነ ሰው «እንዴት አድርጌ እንደምወስዳት ጨንቆኛል፣ እሺ የምትል ሰው አይደለችም» ስትል ሰማኋት። ላፕቶፕ ለመግዛት ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለ? በእግሬ አልሄድ! ይህች ልጅ ነገር ማክበድ ትወዳለች።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ገዛሁ! ሌላ ብራንድ፣ ስስ፣ ቀላል፣ ጣሳ ድጋፍ የማይፈልግ። ሸፊ ራሱ አስመጣልኝ። ሲከፈት የወጣው ብርሃን! እሰይ፣ ይሄ ነው ስክሪን። የብርሃኔን ጥለት ከፈትኩት፤ ወርቃማው ቦግ ብሎ ታየኝ። ስንት ወር በከንቱ ተጨነቅሁ። አላልኳችሁም? አላልኳቸውም?

ችግሩ ሁሉም ነገር ቦታው ሌላ ነው። የማጥፊያዋ ቁልፍ ድሮ በነበረችበት ጥግ ላይ የኮምፒውተሩን መዝጊያ አስቀምጠውበታል። አንድ ሳጥን ላጠፋ ብዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሄርሜላ ከሳቋ ብዛት አልጋ ላይ ወደቀች።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

እጄ እየለመደ ነው። የሰው ቤት አድሮ መብራት ማብሪያ እንደ መፈለግ ነው፤ ግድግዳውን መዳበስ ነው እንግዲህ። ጣቴ ወደ ድሮው ቦታ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ፣ ይሄዳል። ግን ሥራው እየተሠራ ነው። የብርሃኔን ጥለት ጨረስኩ። አምሯል፣ ለራሴም ሳይቀር።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ይሄም ጀመረው።

ገና አሥር ቀኑ ነው! ነጩ ክሬም ሆኗል፣ ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ጭጋግ ለብሰዋል። በብስጭት ብድግ ብዬ ሸፊ ጋ ሄድኩ። ያገለገለ ዕቃ አድሰህ ነው የሸጥክልኝ አልኩት። ሰው ፊት። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ግን ድምፁን አላነሳም። የድሮዬን ለካ ጠግኖ አስነስቶታል፤ አመጣና ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው፣ በሁለቱም ላይ ያንኑ አንድ ጥለት ከፈተ።

«ይመልከቱ ማዘር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።»

«አዎ! ሁለቱም ቢጫ ናቸው!»

አጠገባችን ስልኩን የሚያሠራ ሰውዬ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ስክሪኖቹን አየና ቀና አለ። ሸፊ «ማዘር፣ ምናልባት ዓይንዎን…» ብሎ ጀመረ። የጀመረውን ሳይጨርስ ላፕቶፔን አንስቼ ወጣሁ። እኔን ነው ስለ ቀለም የሚያስተምረኝ?

ታክሲ ውስጥ ያለ ምክንያት እናቴ ትዝ አለችኝ። መብራት ያልገባ ጊዜ ማታ ማታ ጥጥ ስትፈትል ኩራዙን ትረግም ነበር። ጭስ አበዛ፣ ጋዙ ውሃ አለበት፣ ባለሱቁ ሌባ ነው። ባለሱቁን ጠልታ ሌላ ሱቅ ለመደች። በኋላ ኩራዙን መርገሙንም ተወችው። በር ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በእግራችን ኮቴ ትለየን ጀመር። ሆስፒታል እንውሰድሽ ብንላት «ዓይኔን ሰው በቢላ አይነካውም» ብላ እንቢ አለች፤ እንደዚያው ሆና ሞተች።

ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ላፕቶፕ ነበር የምጽፈው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ለብርሃኔ ክር ገዛሁ። ክር ነጋዴው ጋ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ሱቁ ደግሞ ጉድጓድ ነው። እንደ ልማዴ ራሴ ከመደርደሪያው መረጥኩ። ነጋዴው ሊያግዘኝ ሲል «አንተ ገንዘብህን ቁጠር» አልኩት፣ ሳቀ።

ዳኜን ሱቅ ድረስ ጠርቼ ሰጠሁት። ዳኜ ከጋሞ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ያደገ ሸማኔ ነው፣ ከኔ ጋር ሲሠራ ልጆቹ አድገዋል። ልቃቂቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

«እትዬ፣ ይሄ ነው?»

«ምነው፣ ዓይን የለህም?»

«አይ፣ እንዳሉኝ። የማን ነው?»

«የብርሃኔ። ልጇ የሞተባት፣ ታውቃታለህ። ከጥር አጋማሽ በፊት ይድረስላት።»

ከንፈሩን መጠጠ። «እግዚአብሔር ያጽናቸው፣ እኛም እንጸልይላቸዋለን» ብሎ ወጣ። ለሠርግ ምን ማጽናት ያስፈልጋል? ጴንጤ ነው እንግዲህ፣ ለሁሉም ነገር ጸሎት አያጣም።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ገና በሰላም ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደረጃ ስቼ ጉልበቴን ተላጥኩ። ደረጃውን አድሰነዋል ብለው ሁሉንም አንድ ቀለም ቀብተውት ጫፉ አይለይም። ሄርሜላ ክንዴን ይዛ እስከ ቤት አለቀቀችኝም። አሮጊት አደረገችኝ እኮ። የሚኒባስ ሹፌሮችም መብራታቸውን ቦግ አድርገው እየመጡ ያሳውሩናል፣ ትራፊክ የሚባል የለም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ዳኜ አመጣው። ጥበቡ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም። በጣቴ ዳሰስኩት፣ አንድ ክር አልዘለለም። ነገ ራሴ እወስድላታለሁ። ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።

ጥር 8፣ ሐሙስ



የብርሃኔ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ወንዶቹ የድንኳን ብረት ያራግፋሉ። ብርሃኔ እጇን በሽርጧ ጠርጋ እየሮጠች መጣች። «መጣልኝ! ኑ እዩልኝ፣ የሺ ሠርታልኝ!» አለች። ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበበን። ነጠላውን ተቀብላ ዘረጋችው። አንዷ ዘመድ እልልታዋን ጀምራ መሀሉ ላይ አቋረጠችው።

አንዲት ትልቅ ሴትዮ «በስመ አብ ወወልድ» ብለው አማተቡ።

ብርሃኔ ጥለቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የሺ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

«ምነው? ኔቪ አላልሽኝም?»

«ይሄ ኔቪ ነው?»

«አዎ፣ ኔቪ በወርቅ…»

«ጥቁር ነው እኮ! የለቅሶ ነጠላ ነው እኮ ያመጣሽልኝ! ለልጄ ሠርግ የለቅሶ ነጠላ?»

ቤዛብሕ ከቤት ወጥታ ነጠላውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው፤ እንዳይታይ። እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ቀስ ብላ «እትዬ የሺ፣ እባክዎ ዛሬ ይሂዱ» አለችኝ። ከጀርባዬ የአንዲቷ ድምፅ መጣ፤ «ቀንታ ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇ አላገባችላት» አለች። ሄርሜላ አለማግባቷ ነው እንግዲህ።

የመጣሁበትን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። እግዚአብሔር ያያል፣ ሰማያዊ ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ያ የተረገመ ላፕቶፕ! ሁለቱም የተረገሙ! ሦስተኛ እገዛለሁ።

ጥር 9፣ ዓርብ

ሄርሜላ ሥራ ቀረች። ላፕቶፑን ከፍታ የብርሃኔን ጥለት ብዙ አየችው።

«እማ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ትክክል ነው። ሳጥኖቹን በኔቪ ነው የሞላሻቸው።»

«ታዲያስ! አላልኩሽም?»

«ክሩ ነው ጥቁሩ። ወርቃማ ያልሽውም ቡኒ ነው።»

ተነስታ ከሱቅ ያመጣሁትን የትርፍ ክር ዘንቢል አወጣች። ሁለት ልቃቂት መርጣ ነጭ አንሶላ ላይ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠች።

«አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ኔቪ። የቱ ነው ኔቪው?»

«ልትቀልጂብኝ ነው?»

«አይደለም እማ። በእመቤቴ፣ አይደለም።»

አየኋቸው። መስኮቱን ከፈትኩ። ወደ በረንዳ ወሰድኳቸው፣ ፀሐይ ላይ ያዝኳቸው። አገላበጥኳቸው፣ ወደ አፍንጫዬ አቀረብኳቸው፣ አራቅኳቸው። ጎረቤት በአጥር ሲያየኝ «ክር ነው» አልኩት፣ ምንም ሳይጠይቀኝ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ገብቼ አንዱን ሰጠኋት።

የቱን እንደሰጠኋት አልጽፍም። ልቃቂቱን ተቀብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ለዳኜ ደወልኩ። ሱቅ መጣ። ቃል ሳልጀምር «እትዬ፣ ሙት ዓመት መስሎኝ ነው» አለ፤ ሰምቷል። ቤተሰቡ ሙሉ ሳምንት ለብርሃኔ ሲጸልዩ ነው የከረሙት፣ ከነልጆቹ። ልስቅ አማረኝ፣ አልቅሼ ጨረስኩት።

«ለምን አልነገርከኝም ዳኜ?»

«ጠየቅሁዎት። ዓይን የለህም አሉኝ።»

ብሎኛል። ብዬዋለሁ።

ቀሚስና ነጠላውን እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ እስከ ሐሙስ። ነገ ጥምቀት ነው ስለው «የእኔ በዓል አይደለም፣ እሠራለሁ» አለ። ክሩን ሄርሜላ መረጠች። እኔ ከክር ነጋዴው ሱቅ ውጭ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ሲለኝ ውስጥ ያለችውን እንዳያይብኝ በሩን በትከሻዬ ጋረድኩት።

ጥር 12፣ ሰኞ

ሄርሜላ «የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ አብረሽኝ ነይ» ትላለች፤ በዘዴ መሆኑ ነው። አልሄድም አልኳት። ቢላ ያዩ ዓይኖች እናውቃለን። ማንን እንደማውቅ ስትጠይቀኝ አንድም ስም አልመጣልኝም።

ካልታየሁ ምንም የለብኝም።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ልብሱ ደረሰ። ሄርሜላ ሰማያዊ ነው አለችኝ። ዳኜ ሰማያዊ ነው አለ። አመንኳቸው፣ ምን አማራጭ አለኝ።

ሄርሜላ እኔ ልውሰደው አለች፣ እንቢ አልኩ። የብርሃኔን በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። አላስገባችኝም፣ አላባረረችኝም፤ በሩን ይዛ ቆመች። እሽጉን ዘረጋሁላት። ፈታ አየችው፣ ጣቷን ጥለቱ ላይ አሳለፈች።

«ይሄ ነው ያልኩሽ። ይሄን መሥራት እየቻልሽ ያንን ለምን አመጣሽብኝ?»

ላፕቶፑ ነው ልል ነበር፤ ነጋዴው ጋ መብራት ጠፍቶ ነበር ልል ነበር። አዘጋጅቼው ነው የሄድኩት። ቀና ስል ግን ፊቷ ላይ ያለውን ማየት አልቻልኩም፤ ተቆጥታ ይሁን አዝና፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አልለይ አለኝ።

«ብርሃኔ፣ ዓይኔ ነው» አልኩ። «ጥቁሩን ከሰማያዊው አልለይም። ይሄንንም ልጄ ናት የመረጠችው። እኔ አላየሁትም።»

እንዲህ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት። ከዚያ በፊት ለራሴም አላልኩትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ስክሪኑ ቢጫ ሆነ ብዬ… ላፕቶፕ ቀየርኩ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ብራንድ ቀየርኩ።»

መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። ለካ ሳቅ ነው! በሩን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዓይንሽ ታሞ ላፕቶፕ ቀየርሽ? የሺ! ዓይንሽ ታሞ!» እኔም ያዘኝ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመን ስንንፈቀፈቅ ቤዛብሕ ወጥታ አፏን ከፍታ አየችን። ከሳቁ ወደ ልቅሶ መቼ እንደተሻገርን አላውቅም። የሞተውን ልጇን ስም ጠርታ አለቀሰች፣ እኔም የእናቴን።

በመጨረሻ ፊቷን በአዲሱ ነጠላ ጠረገችና (ተይ፣ ገና ያልታጠበ!) ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ሐኪም ቤት እንደምትሄጂ ካልማልሽልኝ ሠርጌ ላይ ድርሽ እንዳትዪ።»

ማልኩላት።

ጥር 19፣ ሰኞ

ሠርጉ አማረ። ብርሃኔ እጄን ይዛ ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ፣ «ቀንታ ነው» ያለችዋ ሴትዮ ትይዩ። ደንሰናል። ጉልበቴ አሞኛል።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀዝቃዛ። አንድ ዓይኔን ሸፍና «ፊደሉን ያንብቡልኝ» አለች። የቱን ፊደል አልኳት።

የዓይን ሞራ ነው፤ በሁለቱም። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው አይታወቀውም፣ ቀለም ያደበዝዛል፣ ነጩን ቢጫ ያደርጋል፣ መብራት ይበትናል አለችኝ። የኔን የስንት ወር አቤቱታ ከአፌ ሳትሰማ ዘረዘረችልኝ። የቢላውን ነገር ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። ሞራውን አውጥተው በቦታው ትንሽ መነጽር የመሰለ ነገር ያስገባሉ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባል።

«እናቴም እንዲህ ነበር ያረጋት» አልኳት። «ሳትታከም ሞተች።»

«ያኔም ይታከም ነበር» አለች፣ በደግነት ነው ያለችው። እማዬ ያንን ሁሉ ዓመት በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ለግማሽ ሰዓት ነገር ነው። እኛም ልጆቿ አንድ ጊዜ እንቢ ስትል «እሺ» ብለን ተውናት። ጎትተን መውሰድ ነበረብን። ማታውን ሙሉ አለቀስኩላት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሸፊ ጋ ሄጄ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሰው ፊት ነበርና የሰደብኩት። ቤቱ በሰው እስኪሞላ ጠበቅኩ። «ኧረ ማዘር» እያለ መሬት መሬት አየ። የድሮው ላፕቶፔ አንዲት ተማሪ ገዝታው እንደ ልቧ እየሠራችበት ነው አሉ። ኩባንያውንም ይቅር ብዬዋለሁ፤ ስሙን ግን አሁንም አልጽፍም። አዲሱን አልቀይረውም፣ እጄ ለምዶታል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ተደረገልኝ። የቀኝ ዓይኔ ታሽጓል። አላመመኝም። ፈራሁ ግን፣ የሄርሜላን እጅ አጣምሜው ነበር። ከዚህ በላይ አትጻፊ ብላኛለች።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ፈቱልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን ካፖርት ነው። ነጭ! እውነተኛ ነጭ፣ ከእንዝርት እንደወረደ ፈትል። ግድግዳውን አየሁ፣ ለካ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ባለፈው ስመጣ ግራጫ ነው ብዬ ነበር። ግራ ዓይኔን ስሸፍን ሰማያዊ፣ ቀኙን ስሸፍን ሻይ የተደፋበት። እየደጋገምኩ ሳየው ሐኪሟ ሳቀች። የግራው ከፋሲካ በኋላ ነው።

«እማ፣ አየሽ?» አለች ሄርሜላ ከጎኔ። ዞርኩ።

ልጄን አየኋት። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጉንጯ ጎድሏል። ከግንባሯ በላይ ደግሞ ነጭ ፀጉር አለ፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ጎኑን ሙሉ ይዞታል። ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ እየበላን።

እጄን ሰድጄ ነካሁት።

«ይሄን መቼ ነው ያወጣሽው?»

«ቆየ እኮ። ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዋን ሰበቀች።

«እኔማ እያየሽው ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር» አለች።